ረዳቱን ያዙ፦ የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ ለአማርኛ ተናጋሪ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ከሹፌሩ ጋር አንድም ቃል ሳይለዋወጥ ሊወርድ ይችላል። መኪናውን የሚነዳው ሹፌሩ ነው። ነገር ግን «አየር ጤና ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው ረዳቱ፣ «ሞልቷል» ብሎ የሚመልሰው ረዳቱ፣ ሂሳብ የሚቀበለው ረዳቱ፣ «ወራጅ አለ» ሲባል በሩን የሚከፍተውም ረዳቱ ነው። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አሠራሩ ይኸው ነው። ትርጉሙን ተሸክሞ የሚሄደው ዋናው ግሥ ሲሆን ጥያቄው፣ አሉታው፣ ጊዜው፣ አጭር መልሱና «አይደል?» የሚለው ማረጋገጫ ግን የሚያልፉት በረዳት ግሡ በኩል ነው።

ትምህርት ቤት «ሄልፒንግ ቨርብ» እየተባለ የሚጠራውን ይህን ክፍል ብዙዎቻችን እንደ ተራ ዝርዝር ሸምድደን አልፈነዋል። ትኩረቱ ሁሉ «ቴንስ» ላይ ነበር። 12ቱን በሠንጠረዥ አስምረን፣ ስማቸውን በቃል ይዘን፣ ፈተና ላይ ፊደል አጥቁረን ወጣን። ውጤቱ ታዲያ የሚታይ ነው፦ «ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒየስ» ምን እንደሆነ የሚተነትን ተማሪ «ትናንት የት ሄድክ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ለመጠየቅ ይንተባተባል። በእኔ እምነት መንገዱ ተገልብጧል። 12ቱ ቴንሶች የጥቂት ረዳቶች ድርድር ናቸው፤ ረዳቶቹን የያዘ ሰው ሠንጠረዡን ራሱ መሥራት ይችላል።

ይህ መመሪያ ሒሳቡም ሳይንሱም ወደ እንግሊዝኛ ለዞረበት ተማሪ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጅ ሰው፣ ማታ ማታ ልጁን ለሚያስጠና ወላጅ የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ። በዓይን ብቻ አትለፉት፤ ረዳት ግሥ በአፍ ካልተለመደ አይያዝምና ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የራሳችንን እንይ

አማርኛም ረዳት ግሥ አለው። «ይሄዳል» የምንለው «ይሄድ» እና «አለ» ተጣብቀው ነው፤ «ሄዷል» ደግሞ «ሄዶ» እና «አለ»። «ይሄድ ነበር»፣ «እየሄደ ነው» ስንል ረዳቱ ለብቻው ቆሞ ይታያል። የእኛ ረዳት መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ የእንግሊዝኛው ከዋናው ግሥ ይቀድማል። ይህን ልዩነት ሁሉም ሰው በቶሎ ይለምደዋል።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው። «ይሄዳል» የሚለውን አሉታዊ አድርጉት፦ «አይሄድም» ይሆናል። መጨረሻ ላይ ተጣብቆ የነበረው «አለ» ጠፋ። በእንግሊዝኛ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። «ሂ ጎዝ» ሲባል ረዳት የለም፤ አሉታዊ ሲሆን «ሂ ዳዝ ኖት ጎ» ተብሎ ቀድሞ ያልነበረ ረዳት ይመጣል። እኛ ስንክድ ረዳቱን እናሰናብታለን፣ እነሱ ሲክዱ ይቀጥራሉ። በጥያቄም እንዲሁ ነው። «ይሄዳል» እና «ይሄዳል?» የሚለያዩት በድምፅ አወጣጥ ብቻ ነው፤ ከቦታው የሚነቃነቅ ቃል የለም። «ዩ ጎ ቱ አየር ጤና?» እያልን መጨረሻው ላይ ድምፃችንን ብቻ ከፍ የምናደርገው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰሚው ይገባዋል፤ ፈተና አራሚው ግን አይምርም።

1. ረዳቶቹን በመልክ እወቁ

ብዙ አይደሉም፤ በትምህርት ቤት የሚሰጠው የተለመደው ዝርዝር 23 ቃላት ነው። የ«ቢ» ቤተሰብ 8 ነው፦ ቢ፣ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ወዝ፣ ወር፣ ቢን፣ ቢዪንግ። የ«ሃቭ» ቤተሰብ 3፦ ሃቭ፣ ሃዝ፣ ሃድ። የ«ዱ» ቤተሰብ 3፦ ዱ፣ ዳዝ፣ ዲድ። ቀሪዎቹ 9 ችሎታን፣ ፈቃድን፣ ግዴታን፣ ግምትን የሚናገሩት ናቸው፤ መምህራን «ሞዳል» ይሏቸዋል፦ ካን፣ ኩድ፣ ዊል፣ ዉድ፣ ሻል፣ ሹድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ መስት።

አንድ ቃል ረዳት መሆኑን ከተጠራጠራችሁ «ኖት»ን ከኋላው ለጥፉበት። «ኢዝ ኖት» ይባላል፣ «ካን ኖት» ይባላል፣ «ሃዝ ኖት ሌፍት» ይባላል። «ወርክ ኖት» ግን አይባልም፤ ስለዚህ «ወርክ» ዋና ግሥ እንጂ ረዳት አይደለም።

«ሃቭ» እና «ዱ» ሁለት ኑሮ አላቸው። «ሂ ሃዝ ኤ ሾፕ ኢን አየር ጤና» ሲባል «ሃዝ» ባለቤትነትን የሚናገር ዋና ግሥ ነው፣ ሱቅ አለው ማለት ነው። «ሂ ሃዝ ክሎዝድ ዘ ሾፕ» ሲባል ግን ረዳት ነው፣ ዘግቷል። የመጀመሪያው አሉታ «ሂ ዳዝንት ሃቭ ኤ ሾፕ»፣ የሁለተኛው «ሂ ሃዝንት ክሎዝድ ዘ ሾፕ» ይሆናል። «ቢ» ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው፤ ብቻውን ዋና ግሥ ሆኖ ሲቆምም የረዳትነት ጠባዩን አይተውም። «ዘ ሾፕ ኢዝ ስሞል» የሚለው ጥያቄ ሲሆን «ኢዝ ዘ ሾፕ ስሞል?» ነው እንጂ «ዱ»ን አይጠራም።

2. የመጀመሪያውን ብቻ አንቀሳቅሱ

ረዳቶች ሁለትም ሦስትም ሆነው ሊሰለፉ ይችላሉ። «ዘ ሮድ ሹድ ሃቭ ቢን ሪፔርድ» የሚለውን ውሰዱ፦ መንገዱ መጠገን ነበረበት ማለት ነው። ረዳቶቹ ሹድ፣ ሃቭ፣ ቢን ናቸው። ሥልጣን ያለው ግን ፊት የቆመው «ሹድ» ብቻ ነው። ለጥያቄ እሱን ከባለቤቱ አስቀድሙ፦ «ሹድ ዘ ሮድ ሃቭ ቢን ሪፔርድ?» ለአሉታ «ኖት»ን ከእሱ ላይ አንጠልጥሉ፦ «ዘ ሮድ ሹድንት ሃቭ ቢን ሪፔርድ።» ሌሎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም።

ቅደም ተከተሉም የተወሰነ ነው፦ ሞዳል፣ ከዚያ «ሃቭ»፣ ከዚያ «ቢ»፣ ከዚያ ዋናው ግሥ። ሁለት ሞዳል ጎን ለጎን አይቆሙም። «ሂ ዊል ካን ከም» የሚለው ስህተት ነው፤ «ይችላል» የሚለውን ለወደፊት መናገር ሲያስፈልግ «ሂ ዊል ቢ ኤብል ቱ ከም» ይባላል።

3. ረዳት ከሌለ «ዱ»ን ጥሩ

መመሪያው ውስጥ ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ረዳት የሌለው ዐረፍተ ነገር የሚገኘው በዋናነት በሁለት ቦታ ነው፤ በዘወትር ድርጊትና ባለፈ ድርጊት። ከሰፈራችን እውነት እንነሣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የምዕራቡ ጫፍ ጦር ኃይሎች ሆነ፤ ወደ አየር ጤና አልዘለቀም። በእንግሊዝኛ፦

«ዘ ትሬን ስቶፕስ አት ጦር ኃይሎች።»

እዚህ ውስጥ ረዳት የለም። ጠይቁ ወይም ካዱ ስትባሉ መያዣ ታጣላችሁ፤ ስለዚህ «ዱ» ይጠራል። ባለቤቱ «እሱ» ስለሆነ «ዳዝ» ሆኖ ይመጣል፦

«ዘ ትሬን ዳዝ ኖት ከም ቱ አየር ጤና።»
«ዳዝ ዘ ትሬን ከም ቱ አየር ጤና?»
«ኖ፣ ኢት ዳዝንት።»

«ዱ» እዚህ ቦታ ላይ የራሱ ትርጉም የለውም። «አደረገ» ብላችሁ ልትፈቱት ከሞከራችሁ ትሳሳታላችሁ። የተቀጠረው ጥያቄውንና አሉታውን ለመሸከም ብቻ ነው።

እንግሊዝኛ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከ400 ዓመት በፊት «አይ ኖው ኖት»፣ «ኖው ዩ?» እያሉ ዋናውን ግሥ ራሱን ያንቀሳቅሱ ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ በአብዛኛው ያለ «ዱ» የሚክደው ለዚህ ነው። «ዱ» ቦታውን የያዘው ቀስ በቀስ ነው። እንግሊዝኛን ከዚያ መጽሐፍ የለመዳችሁ ካላችሁ ለጸሎቱ መልካም ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን «አይ ዶንት ኖው» በሉ።

«ዱ» ያለ ጥያቄና ያለ አሉታ የሚመጣበት አንድ አጋጣሚ አለ። ጓደኛችሁ «አልደወልክልኝም» ብሎ ሲከሳችሁ «ደውዬልሃለሁ እኮ!» ትላላችሁ። በእንግሊዝኛ «እኮ»ን የሚተካው ጠበቅ ተደርጎ የሚነገር ረዳት ነው፦ «አይ ዲድ ኮል ዩ!» ክርክር ከሌለ ግን «አይ ኮልድ ዩ» ይበቃል። ሳያስፈልግ «አይ ዲድ ጎ፣ አይ ዲድ ኢት» እያሉ መደርደር ሰውን ተከራካሪ ያስመስላል።

4. ጊዜው አንዴ ብቻ ይነገራል

«ዲድ ዩ ዌንት?»፣ «ሺ ዳዝንት ወርክስ»፣ «አይ ዲድንት ሶው ሂም»። እነዚህን ያልሰማ አስተማሪ የለም። ምንጫቸው ቸልተኝነት አይደለም፣ አማርኛ ነው። «ሄደ» የሚለውን ስንክድ «አልሄደም» እንላለን፤ ያለፈውን ጊዜ የሚናገረው «ሄደ» ሳይነካ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። ይህን ልማድ ይዘን ስንሻገር «ዌንት»ን ሳንነካ «ዲድንት»ን ፊቱ እንደረድራለን።

እንግሊዝኛ ግን ጊዜን ለአንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስይዘው፤ ያም የመጀመሪያው ረዳት ነው። «ዲድ» ከመጣ ያለፈው ጊዜ ወደ እሱ ተላልፏል፣ ዋናው ግሥ ወደ ጥሬ መልኩ ይመለሳል፦ «ዲድ ዩ ጎ?»፣ «አይ ዲድንት ሲ ሂም»። በ«ዳዝ»ም እንደዚያው ነው። «ወርክስ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ወደ «ዳዝ» ሄዳለች፤ ሁለት ጊዜ አትከፈልም፦ «ሺ ዳዝንት ወርክ»።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ዲድ» ወይም «ዳዝ» ያለበትን ሁሉ አክብቡና ቀጥሎ ያለውን ግሥ ተመልከቱ። ጥሬ ካልሆነ አስተካክሉት። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

5. እያንዳንዱ ረዳት የሚያስከትለው መልክ

መምህራን ቪ-ዋን፣ ቪ-ቱ፣ ቪ-ስሪ የሚሏቸውን ሦስቱን የግሥ መልኮች አስታውሱ፦ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ቪ-ቱ ከረዳት ኋላ ፈጽሞ አይመጣም። እሱ ብቻውን የሚሄድ ነው። ሌሎቹ እንዲህ ይመደባሉ።

ከ«ዱ» ቤተሰብና ከ9ኙ ሞዳሎች በኋላ ቪ-ዋን፣ ያውም ያለ «ቱ»። «መዋኘት እችላለሁ» በሚለው ውስጥ ያለችው «መ» እየጎተተችን «አይ ካን ቱ ስዊም» እንላለን፤ ትክክሉ «አይ ካን ስዊም» ነው። እንደገናም «እችላለሁ፣ ትችላለች፣ ይችላሉ» እያለ የእኛው ግሥ በባለቤቱ ስለሚለዋወጥ «ሺ ካንስ» ማለት ያምረናል። ሞዳል ለማንም መልኩን አይለውጥም፦ አይ ካን፣ ሺ ካን፣ ዜይ ካን።

ከ«ሃቭ» በኋላ ቪ-ስሪ፦ «ዘ ባስ ሃዝ ጎን ቱ ሰበታ»፣ አውቶቡሱ ወደ ሰበታ ሄዷል።

ከ«ቢ» በኋላ ሁለት ምርጫ አለ። ድርጊቱ በመካሄድ ላይ ከሆነ በ«ኢንግ» የሚያልቀው ይመጣል፦ «ዘ ድራይቨር ኢዝ ዌይቲንግ»፣ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው። ባለቤቱ ድርጊቱ የተፈጸመበት ከሆነ ቪ-ስሪ ይመጣል፦ «ዘ ሪንግ ሮድ ወዝ ቢልት ባይ ኤ ቻይኒዝ ካምፓኒ»፣ ቀለበት መንገዱ በቻይና ኩባንያ ተሠራ። ወይም ዘነበ ወርቅ ስላለው ሆስፒታል «አለርት ወዝ ፋውንድድ ኢን 1965»፣ አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። አማርኛ «ተ»ን ከፊት በመጨመር የሚሠራውን እንግሊዝኛ በ«ቢ» ነው የሚሠራው።

ከ«ቢ» በኋላ ቪ-ዋን የሚገባበት ቦታ የለም። ስለዚህ «አይ አም አግሪ» እና «አይ አም ኖት አንደርስታንድ» ሁለቱም ፈርሰዋል። «እስማማለሁ» መጨረሻ ላይ ያለው «አለሁ» ይመስለኛል «አም»ን የሚጠራብን። «አይ አግሪ»፣ «አይ ዶንት አንደርስታንድ» በሉ።

ስለ ግዴታ ጥቂት ልቆይ፣ እዚህ ስህተቱ ሰዋስው ብቻ ስላልሆነ። «መክፈል የለብህም» የሚለው አማርኛ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው «እንዳትከፍል!» የሚል ክልከላ ነው። ሁለተኛው «የግድ አይደለም፣ ብትተወውም ይቻላል» ነው። እኛ ከሁኔታው ወይም «የግድ» የምትለውን ቃል በመጨመር እንለየዋለን። እንግሊዝኛ በረዳቱ ይለየዋል፦ «ዩ መስት ኖት ፔይ» ክልከላ ነው፤ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ» ግን ግዴታ የለብህም ነው። ሐኪም «ዩ መስት ኖት ኢት» ቢላችሁና እናንተ «ካልፈለግሁ ልተወው ማለቱ ነው» ብላችሁ ምሳ ብትበሉ፣ ነገሩ ከፈተና ነጥብ ያልፋል። ልብ በሉ፣ «ሃቭ ቱ» እዚህ እንደ ዋና ግሥ ነው የሚሠራው፤ አሉታውን «ዶንት» የተሸከመለት ለዚህ ነው።

6. ጥያቄ ስትጠይቁ

መጠይቁ ቃል፣ ረዳቱ፣ ባለቤቱ፣ ዋናው ግሥ። ይህን ሰልፍ ጠብቁ። «ዌር ዩ አር ጎዪንግ?» ሳይሆን «ዌር አር ዩ ጎዪንግ?»፤ «ዋት ሚንስ ዚስ?» ሳይሆን «ዋት ዳዝ ዚስ ሚን?»፤ «ዋይ ዩ ኬም ሌት?» ሳይሆን «ዋይ ዲድ ዩ ከም ሌት?»።

ሁለት ማምለጫ አለው። የመጀመሪያው፣ መጠይቁ ቃል ራሱ ባለቤት ሲሆን ረዳት አይጠራም። «ማን ጠራህ?» እና «ማንን ጠራህ?» በአማርኛ በ«ን» ይለያሉ። በእንግሊዝኛ የሚለያቸው የረዳቱ መኖርና አለመኖር ነው፦ «ሁ ኮልድ ዩ?» ማን ጠራህ፤ «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» ማንን ጠራህ። «ሁ ዲድ ኮልድ ዩ» የሚባል የለም።

ሁለተኛው፣ ጥያቄው በሌላ ዐረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ሲገባ ሰልፉ ወደ ተራው ይመለሳል። «ዌር ኢዝ ዘ ስቴሽን?» ትክክል ነው። «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዱ ዩ ኖው ዌር ዘ ስቴሽን ኢዝ?» ሲሆን ግን «ኢዝ» ወደ መጨረሻ ይሄዳል፣ ጥያቄነቱን «ዱ ዩ ኖው» ስለወሰደው። ትሕትና ያለው እንግሊዝኛ አብዛኛው በዚህ መንገድ ስለሚነገር በደንብ ልመዱት።

7. አጭር መልስና «አይደል?»

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ዱ ዩ ሊቭ ኢን ቤቴል?» ሲላችሁ «የስ» ብቻ ማለት ደረቅ ይመስላል። የጠየቀበትን ረዳት መልሱለት፦ «የስ፣ አይ ዱ»። «ካን ዩ ድራይቭ?» «ኖ፣ አይ ካንት።» «ሃዝ ሺ ሌፍት?» «የስ፣ ሺ ሃዝ።» በጠየቀበት ረዳት ነው የሚመለሰው፤ በሌላ አይደለም።

በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «መንጃ ፈቃድ የለህም?» ስትባሉና ከሌላችሁ በአማርኛ «አዎ፣ የለኝም» ትላላችሁ፤ «ያልከው ልክ ነው» ማለታችሁ ነው። አሁን ቀጣሪው በእንግሊዝኛ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤ ላይሰንስ?» ይላችኋል። እንደ ልማዳችሁ «የስ» አላችሁ። ቀጣሪው ግራ ይጋባል፣ ወይም «አለኝ» ያላችሁ መስሎት ይመዘግባል። በእንግሊዝኛ «የስ» እና «ኖ» የሚስማሙት ከጠያቂው አነጋገር ጋር ሳይሆን ከእውነቱ ጋር ነው። ከሌላችሁ፣ ጥያቄው በምንም መንገድ ይምጣ፣ «ኖ፣ አይ ዶንት»። ካላችሁ «የስ፣ አይ ዱ»። ከተጠራጠራችሁ «የስ»ንና «ኖ»ን ተዉትና ረዳቱን ብቻ ተናገሩ፤ «አይ ዶንት» የሚለው ማንንም አያሳስትም።

ቀጥሎ «አይደል?» ይመጣል። አማርኛ እዚህ ላይ ቸር ነው፦ ትመጣለህ አይደል፣ ሄደች አይደል፣ ይችላሉ አይደል፤ ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃል። ይህን ቸርነት ይዘን ለሁሉም «ኢዝንት ኢት?» እንላለን። ብቻችንን አይደለንም፤ በህንድ እንግሊዝኛም የተለመደ ነው፣ የለንደን ወጣቶችም «ኢኒት» እያሉ ለሁሉም ይጠቀሙበታል። ፈተና ላይ ግን ነጥብ ያስጥላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያውን ረዳት ውሰዱ፣ አዎንታውን ወደ አሉታ ወይም አሉታውን ወደ አዎንታ ገልብጡ፣ ተውላጠ ስሙን ከኋላው አስከትሉ።

«ሺ ካን ድራይቭ፣ ካንት ሺ?»
«ዜይ ሃቭ ሌፍት፣ ሃቭንት ዜይ?»
«ዘ ሾፕ ኢዝንት ኦፕን፣ ኢዝ ኢት?»
«ዩ ሊቭ ኢን ቤቴል፣ ዶንት ዩ?»

በመጨረሻው ላይ ረዳት ስላልነበረ «ዱ» እንደተጠራ አያችሁ። አንድ አፈንጋጭ በቃል ያዙ፦ «አይ አም ሌት፣ አረንት አይ?» ምክንያቱን አትጠይቁ፤ እንዲሁ ነው የሚባለው። «እኔም» ለማለትም መንገዱ ያው ነው፦ «ሶ ዱ አይ»፣ ለአሉታ «ኒዘር ዱ አይ»።

8. ጆሯችሁን አሠልጥኑ

ረዳት ግሥ በንግግር ይታጠፋል፣ ይዋጣል። ስልክ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው «ካን» እና «ካንት» ነው። ብዙ ተናጋሪዎች መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» አያሰሟትም። ስለዚህ «ት»ን አትጠብቁ፤ ክብደቱን አድምጡ። «አይ ክን ከም» ተብሎ ረዳቱ ተዳፍኖ ካለፈ «እመጣለሁ» ነው። «አይ ካንት ከም» ተብሎ ረዳቱ ላይ ጫን ከተባለ «አልችልም» ነው። ስትናገሩም ይህንኑ አድርጉ። «ካን»ን ጠበቅ አድርገን የምንናገር ሰዎች «አልችልም» ያልን እየመሰለው ሰው ቀጠሮ ሊሰርዝብን ይችላል።

«ዋንት» እና «ዎንት»ም እንዲሁ ይምታታሉ፤ አንዱ መፈለግ ነው፣ ሌላው የ«ዊል» አሉታ። «አይ ዎንት ፔይ» ያለ ሰው ልክፈል አላለም፣ አልከፍልም ነው ያለው። ልዩነቱ ቀጥሎ በሚመጣው ቃል ይታወቃል፦ መፈለግ ከሆነ ከግሡ በፊት «ቱ» ይገባል፣ «አይ ዋንት ቱ ፔይ»።

«ሂዝ» የሚለው እጥፋት «ሂ ኢዝ» ወይም «ሂ ሃዝ» ሊሆን ይችላል። «ሂዝ ዌይቲንግ» ከሆነ «ኢዝ» ነው፤ «ሂዝ ቢን ሲክ» ከሆነ «ሃዝ» ነው። «አይድ» ደግሞ «አይ ሃድ» ወይም «አይ ዉድ» ነው፤ ቪ-ስሪ ከተከተለው የመጀመሪያው፣ ቪ-ዋን ከተከተለው ሁለተኛው። በቁጥር 5 የያዛችሁት የመልክ ሕግ እዚህ ጆሮ ይሆናችኋል።

ልምምዱ

በየቀኑ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያዙና አምስት ጊዜ አዙሩት፦ ተራውን፣ አሉታውን፣ ጥያቄውን፣ አጭር መልሱን፣ «አይደል?» የሚለውን። ረዳት ባለው ጀምሩ፦ «ዘ ታክሲ ሃዝ ሌፍት። ዘ ታክሲ ሃዝንት ሌፍት። ሃዝ ዘ ታክሲ ሌፍት? የስ፣ ኢት ሃዝ። ዘ ታክሲ ሃዝ ሌፍት፣ ሃዝንት ኢት?» በማግስቱ ረዳት የሌለውን ውሰዱ፦ «ዘ ታክሲ ሌፍት። ዘ ታክሲ ዲድንት ሊቭ። ዲድ ዘ ታክሲ ሊቭ? የስ፣ ኢት ዲድ። ዘ ታክሲ ሌፍት፣ ዲድንት ኢት?» «ሌፍት» በየትኛው ላይ እንደቆየ፣ በየትኛው ላይ «ሊቭ» እንደሆነ ራሳችሁ ተመልከቱ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የምትሠሩት ልምምድ ነው፤ ደብተር አይጠይቅም። ዐረፍተ ነገሩን ከመጽሐፍ አትቅዱ፣ የዚያን ዕለት ጉዳያችሁን ተናገሩበት።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ «ዲድ ሂ ዌንት?» ሲል አትሳቁበት፣ «ስህተት!» ብላችሁም አታቋርጡት። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሕፃናትም አፋቸውን ሲፈቱ ጊዜውን በሁለት ቦታ እየደገሙ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ትክክለኛውን ደጋግመው ሲሰሙ ይተዉታል። «ዲድ ሂ ጎ? የስ፣ ሂ ዲድ» ብላችሁ መልሱለትና ጨዋታውን ቀጥሉ።